አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ፎዚያ

ከቤት የወጣሁት አሱር ተሰግዶ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከኢሻ ሶላት በኋላ ነበር፤ እናታችን ግን «ጦር ኃይሎች ላይ መንገዱ ከተዘጋ አለቀልሽ!» ብላ ቀድማ አስወጣችኝ። ታናሽ እህቴ ፎዚያ ሻንጣውን እኔ ካልያዝኩ ብላ ከዓለም ባንኩ ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ይዛው ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏትና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የእኔም ጉልበት አልታዘዝ ስላለኝ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እኔ ሃያ ስምንት፣ እሷ ሃያ አራት። እንደ አሮጊት ተቀምጠን እርስ በርስ ተያየንና ሳቅን።

«እዚያ ሊፍት አለ አሉ» አለችኝ።

«ካለ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።»

በሽታችን ሉፐስ ይባላል። መጀመሪያ እኔን ያዘኝ፣ በሁለተኛው ዓመት እሷን። ቤቴል ያለው ክሊኒክ ሐኪሙ ሲያስረዳን «ሰውነታችሁን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ዘበኛ፣ የቤቱን ባለቤት ሌባ ነህ ብሎ ይደበድበዋል» ነው ያለን። መድኃኒቱ ፊታችንን እንደ ሊጥ ያሳብጠዋል፣ ሲቋረጥ ደግሞ መገጣጠሚያው ሁሉ እሳት ይሆናል። ያም ሆኖ ሰው መሆን አይቀርምና የሰፈራችን ልጅ ናስር ሕመሜን እያወቀ ኒካህ አሰረልኝ። እሱ ጀርመን ብሬመን ከተማ እቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የእኔ ወረቀት እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ፈጀ።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ «አውሮፓ ብርድ ነው» ሲሏችሁ የእኛን ክረምት አታስቡ። የኮልፌ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰውን ከሰው አያሰማማም፤ ግን ጮሆ ጮሆ ይወጣለታል፣ ከዚያ ፀሐይ ነው። የብሬመን ዝናብ አይጮህም። እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹክ ይውላል። ዳቦው ጥቁርና ከባድ ነው፤ ቆጮ ያማረኝ ቀን እሱን በጎመን ሞክሬው ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። አከራያችን ሄር ክሩዘ (ሄር ማለት አቶ ማለት ነው) በገባሁ በሳምንቱ በሩን አንኳኳ።

«ኮሪደሩ ላይ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«ሽሮ ነው። ምግብ ነው።»

«ምግብ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?»

ቀምሶ እንዲያረጋግጥ ጭልፋውን ስዘረጋለት ወደ ኋላ ሸሸ። በማግስቱ በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፤ መስኮት በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ እንደምንከፍት ይዘረዝራል። ሊፍቱን ግን ፎቶ አንስቼ ለፎዚያ ላክሁላት። ቤታችን ምድር ላይ ስለሆነ አያስፈልገኝም ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ኩላሊቴ ታመመ። ሆስፒታሉ ውስጥ ፍራው (ወይዘሮ) ብራንት የምትባል ፀጉሯ የሸበተ ነርስ መጥታ ስለ «ሽቱዲ» ነገረችኝ። የምርምር ሙከራ ማለታቸው ነው። ገና ገበያ ያልወጣ ኪኒን አለ፤ ግማሹ በሽተኛ እውነተኛውን፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን አስመሳይ ይወስዳል። ማን የቱን እንደሚወስድ በሽተኛውም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ። እኔ ፈረምኩ። ከመጀመሬ በፊት ደሜን ሲመረምሩ የተኛ ቲቢ ተገኘብኝ። አላሳለኝም፣ አላተኮሰኝም፤ ዝም ብሎ ውስጤ ተኝቷል።

«ይህ ኪኒን ዘበኛውን ያደነዝዘዋል» አለችኝ ፍራው ብራንት ቀስ እያለች፣ እንዲገባኝ። «ዘበኛው ሲደነዝዝ የተኛው ይነሳል። ስለዚህ አስቀድመን የተኛውን እናክማለን።»

ጀርመንኛው ግማሹ ነው የገባኝ፣ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ሁሉም ገብቶኛል። ለቲቢው የሚሰጠውን መድኃኒት ወር ሙሉ ከወሰድኩ በኋላ ነው የሽቱዲውን ጠርሙስ የሰጡኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ፎዚያ ነበር። «እህቴም ይኸው በሽታ አለባት፤ እሷም ትግባ።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«አዲስ አበባ።»

ፍራው ብራንት ሽቱዲው የሚካሄድባቸውን አገሮች ዝርዝር አወጣችልኝ። ገጹን ሁለቴ አየሁት። የእኛ አገር የለችበትም።

ከዚያ ቪዛ ልሞክር ብዬ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። እዚህ አገር ያለ ቴርሚን፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ፣ ሞት እንኳ የሚመጣ አይመስለኝም። ቴርሚኔ ሲደርስ ሰውየው ፋይሌን እያገላበጠ «እህትዎ የጉዞ የጤና መድን ያስፈልጋታል» አለኝ።

«እንገባላታለን።»

«መድኑ ግን ከመምጣቷ በፊት የነበረባትን በሽታ አይሸፍንም።»

«የምትመጣው እኮ ለዚያ በሽታ ነው!»

«ይገባኛል» አለኝ፣ ከልቡ ያዘነ ይመስላል። «ጤነኛ ብትሆን ይቀል ነበር።»

የዚያን ሳምንት ፎዚያ ደወለች። የፀጉር ማበጠሪያ መያዝ አቅቷት እናታችን ነበረች የምታበጥራት። ስልኩን ዘግቼ ጠርሙሱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በየአራት ሳምንቱ ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ፤ ፍራው ብራንት የቀረ ካለ ትቆጥራለች። ባዶ ከሆነ ማን እንደዋጠው አትጠይቅም።

እንዲህ ጀመርን። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ፎዚያ። የእሷን ቀን ኪኒን በቫይታሚን ጠርሙስ እያጠራቀምኩ ወደ አገር ቤት በሚመላለስ የናስር ዘመድ እጅ እልክ ነበር። ለናስር አልነገርኩትም። ለእናታችንም ቫይታሚን ነው አልናት። ለፎዚያ አስመሳይ ሊሆን እንደሚችል ነግሬያታለሁ። ስለ ቲቢው ግን አልነገርኳትም። ብነግራት ምርመራ ትሄዳለች፣ ለምን እንደመጣች ይጠይቋታል፣ ነገሩ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም የእኔ ቲቢ የእኔ ነው፣ እሷ ላይ አይኖርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ ያደግን ልጆች!

በሁለተኛው ወር ደወለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው።

«ነጁ! ወላሂ እውነተኛው ነው! ዛሬ ዘይቱን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ አንድም ቦታ አላረፍኩም። ፀጉሬን ራሴ ሠራሁት፣ አሳይሻለሁ ቆይ።»

በቪዲዮ አሳየችኝ። ቁጥርጥር ተሠርታለች። እኔ የናስርን ጃኬት ደርቤ ባቡር ጣቢያ ቆሜ እንደ እብድ ስቄያለሁ።

በአራተኛው ወር ማሳል ጀመረች። ብርድ ነው ተባለ። ከዚያ አንሶላው በላብ ይረጥባል አለች እናቴ፣ ከዚያ ምግብ አልቀምስ አለች፣ ከዚያ ሆስፒታል አስገቧት። ቲቢ ነው፤ ያውም ሳንባዋን አልፎ ተሰራጭቷል። ሐኪሟ ከሚታወቀው መድኃኒትሽ ሌላ ምን ትወስጃለሽ ብሎ ቢወተውታት «ቫይታሚን» ብላ ድርቅ አለች። ቃል ሰጥታኝ ነበርና።

እናቴ «ሐኪሙ ነገሩ አልገባኝም አለ» ስትለኝ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ያለ ቴርሚን ሄድኩ። ፍራው ብራንት ምሳዋን እየበላች ነበር። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኳት፤ ጀርመንኛው ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ። ትጮህብኛለች፣ ፖሊስ ትጠራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መነጽሯን አወለቀች።

«እህትዎ ስንት ኪሎ ናት?»

«አላውቅም። አሁን ምንም አልቀራትም።»

«መጨረሻ የወሰደችው መቼ ነው?»

የዚያኑ ቀን ሽቱዲውን የሚመራው ፕሮፌሰር ተጠርቶ የእኔ ኪኒን ምስጢር ተከፈተ። እንዲህ ላለ ክፉ ቀን ማን ምን እንደሚወስድ የሚያሳይ መዝገብ አላቸው። እውነተኛው ነበር። ፕሮፌሰሩ ለአዲስ አበባው ሐኪም በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጽፎ በኢሜይል ላከ፣ ቆይቶም በስልክ አነጋገረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከሽቱዲው መውጣቴን ነገረኝ። የእኔ ደም ከእንግዲህ ለምርምሩ አይጠቅምም። «በእርስዎ ውጤት ላይ ተመሥርተን ሌሎች በሽተኞችን ልናሳስት ነበር» አለኝ። ይህንን አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ ያሰብኩት ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ናስር ሲሰማ «ለእኔ እንኳ?» አለኝ። አሁንም ሲቀመጥ ከእኔ ራቅ ይላል።

ፎዚያ አልሞተችም፤ አልሐምዱሊላህ። ብዙ ቆይታ ወጣች። ግን አንዱ ሳንባዋ እንደተበላሸ ቀረ፤ ሉፐሱም ተመልሶ መጣ፣ ከበፊቱ ብሶ። እናታችን አሁን ታጥባታለች። የእኔም ኩላሊት ወደ ነበረበት ሕመም ተመልሷል፤ በቅርቡ ደም በማሽን ስለማጠብ ሊያነጋግሩኝ ቴርሚን ሰጥተውኛል።

ባለፈው ጁምዓ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ። ያ የላክሽላት ቫይታሚን ባያጠነክራት ኖሮ ይህን በሽታ አትችለውም ነበር። ለሰው ሁሉ እያወራሁልሽ ነው።»

«እማዬ…»

«ቆይ፣ እሷን ላቅርብልሽ።»

ፎዚያ የእናቴ እርምጃ እስኪርቅ ጠበቀች። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፣ ከታች እየተጎተተ የሚወጣ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነጁ» አለችኝ ዝቅ ብላ። «የቲቢውን ኪኒን ጨርሻለሁ። አሁን እኮ የተኛ ነገር የለብኝም።»

«እሺ ፎዚ።»

«ሽቱዲው ውስጥ ሌላ የምታውቂው ሰው የለም? ሐበሻ ባይሆንም። ትንሽ ብቻ፣ ለአንድ ሁለት ወር። እጄ ተዘርግቶ የነበረው ያኔ ብቻ ነው።»

ከመስኮቱ ውጭ ዝናቡ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ነጁ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እሰማታለሁ።