በእናትዓለም ቁጥር የበረሩ

እናትዓለም ፔዳ ሰፈር፣ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን፣ የአውሮፕላን ትኬት ትቆርጣለች። አፏ ስለት ነው። ጫማዬ አቧራ ከለበሰ «ዛሬ ደግሞ የት ስታርስ አደርህ?» ትለኛለች። ልቧ ግን ከአፏ ጋር ዝምድና የለውም።

መንገዱ በእገታ ከተበላሸ ወዲህ ያለውም የሌለውም፣ በሬውን ሸጦም ቢሆን፣ አዲስ አበባ የሚሄደው በአውሮፕላን ሆኗል። ትኬት ሲቆረጥ ኮምፒውተሩ የተሳፋሪውን ስልክ ቁጥር ካልሞሉለት አያልፍም። የገዳም አባት ወይም የገጠር እናት ምን ስልክ አላቸው? እናትዓለም የራሷን ትሞላላቸዋለች። በረራው ሲዘገይ መልእክቱ ለእሷ ይመጣል፤ ባጃጅ ይዛ ዓባይ ማዶ ድረስ ሄዳ ትናገራለች። መንገደኛውም ሲደርስ ከሰው ስልክ ለእሷ ይደውላል ወይም ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ ለቤተሰቡ «በሰላም ገብቷል» ትላለች። ይሄ አደራ ነው፤ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ?

ያ የተሞላው ሁሉ፣ ስሙም ቁጥሩም፣ ከተሳፋሪው ቀድሞ ወደ ጸጥታ ሰዎች እጅ እንደሚገባ ግን አናውቅም ነበር። ማን ነግሮን? ማንስ ፈቅዳችኋል ወይ ብሎ ጠይቆን?

የኔታ ወልደ ሐዋርያት ሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ፣ እናትዓለምንም ፊደል ያስቆጠሩ አዛውንት ናቸው። ጉሮሯቸው ላይ ዕጢ ወጥቶ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ከብዙ ወራት ጥበቃ በኋላ አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ተራ ደረሳቸው። ሐኪሙ፣ ይህ ቀጠሮ ካለፈ እንደገና ከወረፋው ጭራ ነው፣ ዕጢው ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም ብሏቸዋል።

እኔና እናትዓለም ሸኘናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተሰናብተን ገና ባጃጅ ሳንይዝ ስልኳ ጮኸ።

«ይሄ የወልደ ሐዋርያት ስልክ ነው?» አለ የወንድ ድምፅ።

«የማን ስልክ ላይ ነው የደወልኸው?» አለች።

«ቢያዝን የሚባል ተፈላጊ ባለፈው ጥር በዚህ ቁጥር በርሯል። ዛሬም አንድ ሽማግሌ በዚሁ ቁጥር ሊበር ነው። ቢያዝን የት እንዳለ ብንጠይቀው አልናገርም ብሏል።»

«አልናገርም አላሉም፤ ድምፅ የላቸውም!»

ሰውየው ዘጋው። ቢያዝን የዘንዘልማዋ የየሺአረግ ልጅ ነው፤ ትኬቱን የቆረጠችለት እናትዓለም ነበረች።

«ስልክሽን አጥፊና እንሂድ» አልኋት። «የኔታን አጣርተው ይለቋቸዋል።»

«እስኪያጣሩ አውሮፕላኑ ይቆማል?» ብላ ወደ በሩ ተመለሰች። ተከተልኋት። የቁጥሩ ባለቤት መሆኗን ስትናገር አስገቡን።

የኔታ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጥምጣማቸው ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ተጥሏል። ያንን ሳይ ደሜ ፈላ። እናትዓለም ግን ላፕቶፕ ለያዘው የጸጥታ ወጣት አንድ በአንድ አስረዳችው፤ ቁጥሩ የእሷ ነው፣ የኔታ ልጁን አያውቁትም፣ እሷም ትኬት ከመቁረጥ በቀር የምታውቀው የለም።

«እንግዲያው ስልክሽን ክፈችውና እንየው» አላት። «እውነት ከሆነ ሽማግሌው ይበራል።»

የምትደብቀው የላትም፤ ቢያንስ እንደዚያ ነው የመሰላት። ከፍታ ሰጠችው።

ወጣቱ መልእክቶቿን ወደኋላ ገፋ፣ ገፋና ቆመ። ጮክ ብሎ አነበበው። «እትዬ እናትዓለም፣ በሰላም ደረስሁ። ኮተቤ አክስቴ ቤት ነኝ። ለእናቴ ንገሪልኝ። ቢያዝን።»

እናትዓለም ይህን መልእክት ለየሺአረግ አድርሳ፣ ተመርቃ፣ ረስታው ነበር። እንዲህ ያለውን በየቀኑ ስትቀበል የትኛውን ታስታውስ? ፊቷ አመድ መሰለ።

የኔታ በረሩ። ስልኳ እዚያው ቀረ። ቢያዝን በማግሥቱ ተያዘ፤ ምን አድርጎ እንደሚፈለግ እስካሁን የነገረን የለም።

በሳምንቱ የሺአረግ ልጇን ፍለጋ ልትሄድ ትኬት ፈልጋ መጣች። ማን እንዳስያዘው አልሰማችም። እናትዓለም ዝም ማለት ትችል ነበር። ከወንበሯ ተነሥታ ሁሉንም ነገረቻት።

«ልጅሽን ያስያዝሁት እኔ ነኝ» አለቻት መጨረሻ ላይ።

 ስድብና እርግማን ጠብቄ ነበር፤ ያ በተሻለን።

«የኔታ ተሻላቸው?» አለች የሺአረግ።

«ሕክምናውን ጀምረዋል።»

«ተመስገን።» ነጠላዋን አጣፋች። «ትኬቱ ይቅርብኝ። በመኪና እሄዳለሁ።»

«መንገዱን እያወቅሽው?» አልኋት እኔ።

«መንገድ ላይ የሚይዘኝ ቢያንስ ፊቴን አይቶ ነው» ብላ ወጣች።

የኔታ ድምፃቸው መመለስ ጀምሯል አሉ። የሺአረግ ግን ትድረስ አትድረስ አላወቅንም፤ ደርሳም ቢሆን የእናትዓለም ስልክ ስለተወሰደ የምትደውልበት ቁጥር የላትም። እናትዓለም በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄደች ከአዲስ አበባ የገቡትን ሾፌሮች ትጠይቃለች። አየኋት ያለ የለም።