ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ናይሮቢ ልዛወር ስል ደምበል አጠገብ ያለ ቴክኒሻን ኮምፒውተሬን ፈታው። «ይሄን ሳጥን ምን አሸከመሽ? ሃርድ ዲስኩን ብቻ ይዘሽ ሂጂ» አለኝ። ከውስጡ የወጣው የአቧራ ሽታ ካዛንቺስ ቤታችን መለሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ «ለአንድ ወር ስልጠና» ብሎ ካናዳ ሲሄድ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። «ኮምፒውተሬን ትቼ የት እቀራለሁ?» ብሎ ሳቀ። አመንኩት። እማዬም ኮምፒውተሩን ዳንቴል አልብሳ አስቀመጠችው።

በሦስተኛው ወር ብንከፍተው አልነሳም አለ። የጠራነው የኮምፒውተር ጠጋኝ ክዳኑን አነሳና «እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩ ተፈቶ ተወስዷል እኮ! ያለው ነገር ሁሉ እሱ ላይ ነበር» አላት። ሃርድ ዲስክ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እማዬ ዳንቴሉን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ስትከተው ግን አባቴ እንደማይመለስ ገባኝ።

«መልሰህ ግጠመው» አልኩት ቴክኒሻኑን። «ባዶ ሳጥን ለማንም ትቼ አልሄድም።»