የድህነቴ ምስክር

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓ.ም.፣ በጥቅምት፣ የጓሮዬ ቡና መቅላት ሲጀምር ዋርሳዬ አጠረው። ዋርሳዬ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። አጥሩ አዲስ የቀርከሃ አጥር ነበር፤ እጁ መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ከአጥሩ ወዲያ ቡናው፣ ከወዲህ እኔና ሦስት ልጆቼ ቀረን። የልጆቹ ደብተርና ልብስ፣ የቤቱ ጨውና ሳሙና የሚወጣው ከዚያ ቡና ነው። ቡና ደግሞ ፍርድ አይጠብቅም፤ ከቀላ ይለቀማል፣ ካልሆነ ይረግፋል።

ዲላ ሄድኩ። ለድሆች በነፃ ጥብቅና የሚቆሙበት ክፍል አለ ብለውኝ ነበር። እውነት ነው። አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ወንበር ሰጠችኝ፣ ተናግሬ እስክጨርስም አላቋረጠችኝም። ቢሮ ገብቼ እንዲህ ስደመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። የመሬት ደብተሬን አገላብጣ አየች። የእኔም የባለቤቴም ስም አለበት።

“እማማ፣ ጉዳዩ ግልጽ ነው” አለች። “ክሱን እጽፋለሁ፣ አብሬዎት እቆማለሁ፣ ምንም አይከፍሉም። ቡናው እንዳይነካም እግድ እንጠይቃለን። ድሃ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ከቀበሌ ያምጡልኝ።”

“ብቻ” ያለችው እሷ ናት። የሌላ አገር ልጅ ናት፣ ቀበሌያችንን አታውቅም።

ቢሮ በቆሻሻ ልብስ አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት። የእሁድ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጠብኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። የቀበሌው ጸሐፊ ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ።

“እናቴ፣ ሰርግ አለ እንዴ?”

“የድህነት ደብዳቤ ፈልጌ ነው።”

“በዚህ ልብስ? ለመሆኑ መሬት አለዎት?”

“አለኝ።”

“መሬት ያለው ድሃ አይባልም።”

“ተቀምቻለሁ እኮ።”

“እንግዲያው መሬት ከሌለዎት የሚከሱት ምን ብለው ነው?”

የነጠላዬን ጫፍ ያዝኩ። ሲያየኝ ራራልኝ። “ለማንኛውም ሦስት ምስክር ይዘው ይምጡ” አለ።

በእኛ ምእመናን ዘንድ ድህነትን በአፍ መጥራት ነውር ነው። ጣሪያችን ቢወሰድ እንኳ፣ እንዴት ነሽ ሲሉን “ምንም አልጎደለብኝም፣ ጌታ ይመስገን” እንላለን። አፍ የጠራው ነገር ቤት ይገባል ብለን እንፈራለን። ይህን እያወቅሁ ምስክሮቼን ከሴቶች የጸሎት ኅብረት መረጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ከእነሱ በቀር ማን ያውቀኛል? በጠዋት መጡ፤ ሦስቱም የእሁድ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ምስክር በባዶ ሆዱ አይወሰድምና ቆጮ በጎመን አቀረብኩላቸው።

ጸሐፊው የመጀመሪያዋን ጠየቃት፤ “እኚህ ሴት ድሃ ናቸው?”

“በኢየሱስ ስም! አይደለችም!”

“ምን አላቸው?”

“ጌታ አላት።”

ሁለተኛዋ ቀጠለች። “ድሃማ አትበላት ወንድሜ። አሁን ቁርስ አብልታን መምጣታችን ነው። ቅቤ ሁሉ ነበረው።” ቅቤውን ያመጣችው ራሷ ነበረች።

ሦስተኛዋ ትልቃችን ናት። ልትረዳኝ ፈልጋ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች፣ ከዚያ “እንጸልይላት” አለች። ጸለየች። ጸሐፊውም አማኝ ነውና ቆቡን አውልቆ አሜን አለ።

“እርስዎስ ምን ይላሉ?” አለኝ።

“ጌታ ይመስገን” አልኩ። ሌላ አልወጣልኝም።

መዝገቡ ላይ “ድሃ አይደሉም” ብሎ ጻፈ።

ስንመለስ ትልቋ እጄን ያዘች። “ድሃ ናት ብዬ ደግሞ በዚያው ብትቀሪስ?” አለችኝ። ምን ይባላል? ስለምትወደኝ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ በራሴ አፍ ልናገረው ቆርጬ ብቻዬን ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ “ድሃ ነኝ፣ ድሃ ነኝ” እያልኩ ተለማመድኩ። ስደርስ ቢሮው በባለጉዳይ ተሞልቷል። ዋርሳዬ ልከሰው መሆኑን ሰምቶ ኖሮ፣ ቀድሞኝ ገብቶ ጸሐፊው ፊት ይጮሃል።

“ይቺ ሴት መሬት አለኝ እያለች ስሜን ታጠፋለች!”

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳ። “የላቸውም?”

“ምን አላት! አንድ እግር ቡና የላት፣ አንድ እግር እንሰት የላት! ላም የላት፣ ዶሮ የላት! ያቺ የእሁድ ቀሚሷ እንኳ እህቴ የሰጠቻት ናት!”

ወረፋ ከያዙት አንድ ሽማግሌ፣ “አንተ ሰውዬ ቀስ በል፣ ደብዳቤዋን እኮ እያጻፍክላት ነው” አሉት።

አልሰማቸውም። “ከእሷ የባሰ ድሃ በዚህ ቀበሌ ካለ አምጡልኝ! እምላለሁ!”

“ይፈርማሉ?” አለ ጸሐፊው።

“እንዴታ!”

ፈረመ። ፊርማው ያምራል።

“ለዚህ ደብዳቤ ሦስት ምስክር አይደል የምትጠይቁት?” አሉት ሽማግሌው ጸሐፊውን።

“የቅርብ ዘመድ ሲሆን አንድ ይበቃል” አለ ጸሐፊው። ማኅተሙን እፍ ብሎበት መታውና ወረቀቱን ሰጠኝ። “እናቴ፣ ምስክር ማለት እንዲህ ነው።”

ዋርሳዬ ያኔ ወረቀቱን አየ። “ምን ላይ ነው ያስፈረምከኝ?”

“የተናገሩት ላይ።”

ደብዳቤውን ዲላ ወሰድኩት። የሕግ ባለሙያዋ ልጅ አንብባ ሳቀች፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀችኝ። ክሱን በዚያው ቀን ጻፈች። በሳምንቱ ፍርድ ቤት አብራኝ ቆመች። ዳኛው ደብተሬን አዩ፤ ጉዳዩ እስኪወሰን ቡናው በእጄ እንዲቆይ፣ አጥሩም እንዲነሳ አዘዙ። ዋናው ክርክር ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ቀጠሮ ከእኛ በላይ ዕድሜ አለው ይላሉ፤ ይሁን። ቡናው ሳይረግፍ ደረስን። ልጅቷ ያደረገችልኝን ጌታ ይክፈላት፤ እኔ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ጸለይኩና ቅርጫቴን ይዤ ጓሮ ገባሁ። የቀላውን አንድ ቅርጫት ለቀምኩ። ከዚያ ትኩስ ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ ወደ ዋርሳዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“የምስክር ቁርስ ነው። ያን ቀን ሳትበላ ቀረህ።”

ኮባውን ገልጦ አየ።

“ቅቤ የለውም፣ አትቀየመኝ” አልኩት። “ድሃ ነኝ።”

ተመልሼ ለቀማዬን ቀጠልኩ።