ስለ ደረሰ

ደጅይጥኑ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ልጅ እየሞተባቸው ማርያምን ደጅ ሲጠኑ ስለተወለደች ነው። ስሙን ያወጡት እሳቸው፤ ደጅ መጥናቱ ግን ለእሷ ተረፈ። ዋግ፣ ፃግብጂ ውስጥ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው አረጀች። ዝናብ ሲቀር ደጅ ጠናች። ከብቱ ሲያልቅ ደጅ ጠናች። ሁለት ልጆቿን ኩፍኝ የወሰደባትም ደጅ ስትጠና ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ ድሮ በተጣላችው ነበር። ማርያምን ግን አልተቀየመቻትም፤ "ሰምታኛለች፤ ጊዜዋን ነው የምትጠብቅ" ትላለች። ሦስተኛው ልጅ ተወልዶ ሲያድግላት "ይኸው ደረሰልኝ" ብላ ስሙን ደረሰ አለችው።

ደረሰ ጢሙን አብቅሎ ሳይጨርስ ጦርነቱ ዋግ ገባ። እሱም ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ወጣ። ሰላም ሆነ ከተባለ በኋላ የተመለሰው ተመለሰ፤ የሞተውም መርዶው መጣ። ከደረሰ በኩል ግን እሱም ሆነ መርዶው አልመጣም። እንዲህ ያለው ሐዘን ክፉ ነው፤ አይለቀስ፣ አይተው። ደጅይጥኑ ጥጧን ስትፈትል በር በሩን እያየች፣ ክሩ በጣቷ ላይ እየተበጠሰ ከረመች።

ባሏ የሻምበል ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞት ነው። አንድ ቀን ቁርጡን ነገራት።

"ልጁ ሞቷል። ፍታት ይደረግለት፣ ተዝካሩ ይውጣ። ነፍሱን አታንከራቺያት።"

"በቁሙ ያለን ሰው ማን ይፈታዋል?"

"በቁሙ ካለ የታለ?"

የሻምበል ድርቁ ያስተረፈላቸውን አንድ በግ ለተዝካሩ አሰረ። ቀኑንም ከጥር ማርያም ማግስት አደረገው። በጉን ውሃ የምታጠጣው እሷው ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት የልጇን ሞት የምታደልብ መሰላት።

ያን ጊዜ ነው ማንም የማያደርገውን ያሰበችው። ደረሰ ቢገባላት ለማርያም ጥላ ልታገባ ተስላ ነበር። ስለት የሚገባው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ደጅይጥኑ ግን "ቀድሜ ልስጣት" አለች። "እመቤቴ ይሉኝታ አላት። በሰው ፊት ከተቀበለችኝ ወዲያ ዝም አትለኝም።" እምነት ይሁን ድፍረት፣ እንጃ። ሌላ የያዘችው ነገር አልነበራትም። ዓመት ሙሉ የፈተለችውን ለሰቆጣው ነጋዴ ለሰላሕ ሰጥታ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ቀይ ጥላ አስመጣች። ሰላሕ ጥላውን ሲያስረክባት "እማ፣ ልጁ ገባ እንዴ?" አላት።

"ይገባል" አለችው።

የጥር ማርያም ዕለት ሰቆጣ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ እንደ ጉድ ወጥቷል። ስለት የያዘው ሁሉ ይሰለፋል፤ መሪጌታው የእያንዳንዱን ጠይቀው በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ተራው የእሷ ሆነ።

"እናቴ፣ ስለ ምን የተሳሉት ነው?"

ደጅይጥኑ ቤቷ የምትናገረው ኽምጥኛ ነው፤ አማርኛው ለገበያና ለጸሎት ያህል ነው። በዚያ ላይ ይህን ያህል ሰው ፊት ቆማ አታውቅም። መንገድ ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር ጥፍት አለባት። ያገኘችው የልጇን ስም ብቻ ነው።

"ልጄ… ስለ ደረሰ" አለች።

መሪጌታው ምን ያድርጉ? ስም ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? "ምእመናን! እኚህ እናት ልጃቸው በሰላም ቤቱ ስለደረሰላቸው ለእመቤታችን ጥላ አግብተዋል!" አሉ።

እልልታው ግቢውን ሞላው። ማረም ነበረባት፤ አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ያ ቃል በድምፅ ማጉያው ከላይ ሲመጣባት ልቧ ከዳት። ማርያም በመሪጌታው አፍ የመለሰችላት መሰላት። ደርሶ ይሆናላ! እሷ እዚህ ቆማ፣ እሱ እዚያ ደርሶ ይሆናላ! እሷም እልል አለች፤ ከሁሉም አስበልጣ አለች።

የዘንድሮ ወሬ በእግር አይሄድም። ለንግሡ የመጣ አንድ የመንደሯ ሰው የሰማውን እዚያው ቆሞ በስልክ ለመንደሩ ነገረ።

ደጅይጥኑ ከመኪና ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ ግቢዋ በሰው ተሞልቶ አየች። ጭስ አየች። ሳቅ ሰማች። ከዚያ ግቢ ሳቅ ከተሰማ ስንት ዘመኑ! ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች። የሻምበልም እጅጌውን እንደ ሰበሰበ፣ ደም የነካውን ቢላዋ እንደ ያዘ፣ እየሮጠ ወረደ። የተዝካሩ በግ ተገፎ ዛፉ ላይ ተሰቅሏል።

"ገባ?" አለችው።

"የታለ?" አላት፣ እኩል።

እሱ ከኋላዋ ያለውን መንገድ አየ። እሷ ከኋላው ያለውን በር አየች። መንገዱ ላይም በሩ ላይም ደረሰ የለም።

"ገባላት አሉን። አብሮሽ ይመጣል ብዬ" አለ የሻምበል። "በጉን አረድሁ እኮ።"

"ስሙን ነው የጠራሁት" አለች። "ስሙን ብቻ ነው።"

የሻምበል ቢላዋውን መሬት አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። ልጁ ሞቷል ብሎ ተዝካር የቆረጠ ሰው፣ ለካ ከእሷ ይበልጥ ይጠብቅ ኖሯል። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር። እንኳን ደስ አለሽ ሊላት የመጣው ጎረቤት ሁሉ ባለበት ቆሞ ቀረ።

ደጅይጥኑ ወደ ሰቆጣዋ ማርያም ዞረች። "ሰምተሽኛል ወይስ አልሰማሽኝም?" አለች። በዕድሜዋ እንዲህ ብላ ጠይቃት አታውቅም። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ፣ ለልጇ እንቢ ስትል በኖረችው የሐዘን አለባበስ፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ሥጋው ተሰቅሎ አይቀር፤ ሰውም ባዶ አፉን አይሸኝ።

"ቅመሱ" አለቻቸው። "ስለ ደረሰ ብላችሁ ቅመሱ።"

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁና "ነፍስ ይማር" አሉ።

"አሜን" አለች።