ጆንያው የት ገባ?

እኔን አሥረኛ ክፍል ያስተማረኝ ቴሌቪዥን ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ «ፕላዝማ» እንለው ነበር። ልጆች አሳድጌ ያቋረጥሁትን ትምህርት ልጨርስ ስገባ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትጣደፋለች፤ መምህራችን ደግሞ ከረባቱን አስሮ ሪሞት ይይዛል። ለዚህች ሥራ ዲግሪ ይጠየቅባታል አሉ!

እኔ ነርስ መሆን ፈልጌአለሁ። ባዮሎጂ ከጣለኝ ግን የጤና ኮሌጁ በር ለእኔ ተዘጋ ማለት ነው።

ብሔራዊ ፈተናው ሳምንት ሲቀረው የሴል ትምህርት ደረሰ። ሴትዮዋ ሚቶኮንድሪያ ለሴሉ ኃይል ይሰጣል ከማለቷ መብራት ድርግም አለ።

«ሚቶኮንድሪያው ተቃጠለ!» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

መምህሩ ምን ይዋጠው? ራሱ ሊያስተምር ነው! የቴፒ ቡና ነጋዴ ልጅ ስለሆነ ሴሉን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አደረገው። ኒውክለስ ቢሮ ነው፤ ዋናውን ትእዛዝ ይዞ ቅጂውን ብቻ ይልካል። ሪቦዞም ቅጂውን እያነበበ አሚኖ አሲዶችን አንድ በአንድ ያያይዛል፤ ፕሮቲን የሚባለው ይኸው ነው። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ተቀብሎ መልክ አስይዞ ያጥፈዋል፤ የተበላሸውን እንደ ጥሬ ቡና ለቅሞ ያስቀራል። ጎልጂ ደግሞ የሚሄድበትን ለይቶ እንደ ቡና ጆንያ በትንንሽ ከረጢት ያሽገዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚህ አማረበት።

«ከዚያስ ቲቸር?» አልሁ።

«ከዚያማ እትዬ፣ ጆንያው ከነፕሮቲኑ በሩን ወጥቶ ይሄዳል።»

ሁላችንም እውነቱን ነው ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። በእኛ አገር ቡና ያለ ጆንያ ሲጫን ማን አይቶ?

መብራት መጣ። ሴትዮዋ ሥዕሉን አሳየች፤ ከረጢቱ ከሴሉ የውጭ ሽፋን ጋር ገጥሞ ተዋሐደ፣ ፕሮቲኑ ብቻ ወደ ውጭ ፈሰሰ።

«ቲቸር፣ ጆንያው ግድግዳ ሆኖ ቀረ እኮ!» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ከማሻ የመጣችው ልጅ።

«መብራቱ ሲመጣ ሥዕሉን ያበላሸዋል» አለ መምህሩ፤ ፊቱ እንኳ አልቀላም።

«ፈተና ላይ የቱን እንመልስ ታዲያ?» አለች ልጅቱ።

«እኔ ያልኳችሁን! የሚያርማችሁ ቴሌቪዥን መሰላችሁ?»

«ኮምፒዩተር ነው የሚያርመን» አልሁት፤ «ማሽን ደግሞ ለማሽን ያደላል፣ ቲቸር።»

ተሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ቀልዱን ቀለድሁ እንጂ የቱን እንደምመልስ ገና አልቆረጥሁም። ቤት ገብቼ ወጥ ስሠራ፣ በውኃው ላይ የተንሳፈፉ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ተነካክተው አንድ ሲሆኑ አየሁ። ከረጢቱም ሽፋኑም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ቅባት ነው ይላል መጽሐፉ፤ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንብቤዋለሁ። እንግዲህ ለምን አይዋሐዱ?

ጥያቄው ፈተናው ላይ በእርግጥም መጣ። «ከረጢቱ ከሴሉ ይወጣል» የሚለውን ምርጫ አልፌ «ከሽፋኑ ጋር ይዋሐዳል» የሚለውን አጠቆርሁ።

አለፍሁ፤ ኮሌጅም ገባሁ። መምህራችን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ደረቱን ነፍቶ፣

«አዩ እትዬ፣ የነገርኩዎትን ሲሰሙ!» አለኝ።