ሳል የተከለከለባት ጀልባ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከምጽዋ ወጥተን ደሴት ላይ ላለው ጦር ጥይትና ውሃ እንድናደርስ። ዘጠኝ ሆነን በአንዲት ቃኚ ጀልባ ወጣን። እኔና ታደሰ ከታች፣ ሞተር ክፍል ነበርን። ሞተር ክፍል ያለ ሰው ውጊያ አያይም፤ ይሰማል እንጂ። ሙቀቱን ተዉት፣ አይወራም።

ልጆች፣ ይህን የማወራው የታደሰ ልጅ ሂሩት ስለጠየቀችኝ ነው። አባቷ ሲሞት ገና አልተወለደችም። ዛሬ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ሪደርቫልድ ሰፈር ትኖራለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ባለፈው እሑድ የሥራ ፈረቃዋ ከመጀመሩ በፊት ቤቴ መጣችና፣ «ጋሼ፣ እኔ እዚህ የሰው አባት ሲሞት እጁን እይዛለሁ። የአባቴን እጅ የያዘ ሰው ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ።

ያሠለጠኑን ሰውዬ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ያገለገሉ ነበሩ። «ባሕር ሥር የሚያስል ሰው ጓደኞቹን ይገድላል» ይሉን ነበር። እኛ ሰርጓጅ የት አይተን! እንስቅባቸው ነበር።

አሥር ሰዓት ግድም አቧራ የቀላቀለ ጭጋግ ባሕሩን ሸፈነው። ከአማፅያን ጀልባ ተኩስ ተከፈተብን። ጥይት የጀልባዋን ጎን በስቶ ገባ። ታደሰ ሆዱን ተመታ። ወዲያው ከላይ ወደ እኛ በሚወርደው የመነጋገሪያ ቱቦ የአዛዡ ድምፅ መጣ፤ «ዝግ በል!» ቀስ በሉ ማለቱ ነው። ታደሰ ግን በሞተሩ ጩኸት መሀል «ዝጋ!» የተባለ መሰለው። እንደወደቀ እጁን ሰዶ ነዳጁን ዘጋው። ሁለቱም ሞተሮች ቀጥ አሉ።

አዛዡ «ምን ነካችሁ» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። ለካ እነዚያ በጭጋጉ ውስጥ የሚከተሉን የሞተራችንን ድምፅ ይዘው ነው። ድምፁ ሲጠፋ ጠፋንባቸው። አጠገባችን ደረሱ። በትግርኛ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። አንዱ ውሃ ጠማኝ አለ፤ ድምፁ የልጅ ነው።

ታደሰ ማቃሰት ጀመረ። አየኝ። ገባው። ቆቡን አውልቆ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። እጁን ያዝኩት። ሕመሙ ሲነሳበት ጣቶቼን ይጨምቃቸዋል፤ እኔም ጥርሴን እነክሳለሁ። ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ሲርቁ ቆቡን አወጣሁለት።

«ማን ነው ዝጋ ያለው?» አለኝ።

«ዝግ በል ነው የተባልከው።»

«ደንቆሮ ነኝ በለኛ» አለና ሊስቅ ሞከረ። እጄን አልለቀቀም። ሞተሩ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ ስንመለስ፣ ገና ሳንደርስ ፀሐይ ስትጠልቅ አረፈ።

የእኛ ሙት አንድ ነው፤ ታደሰ። ስምንታችን ተረፍን፤ ወለድን፣ የልጅ ልጅም ያየን አለን። የነዚያን ሙት አላውቅም። አሁን አሁን ባቡር ውስጥ ትግርኛ ስሰማ ያ ውሃ የጠማው ልጅ ትዝ ይለኛል። ጠጥቶ፣ አድጎ፣ አግብቶ ይሆናል እላለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል።

ሂሩት ይህን ሁሉ ስነግራት እንባዋ ይወርዳል፤ አባቷ ራሱን ደንቆሮ ያለበት ላይ ግን ሳቀች። ከዚያ፣ «በየትኛው እጅዎ ነው የያዙት?» አለችኝ።

ቀኙን ዘረጋሁላት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልጄ፣ ወደ ሥራ የሚወስድሽ ባቡር ያመልጥሻል» አልኳት።

«ሌላ ይመጣል» አለችኝ፣ ሳትለቀኝ።