«የደህንነት ጥሪ» የተባለው ደብዳቤ

ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ሦስት ሳምንት ከርሟል። የላከው መሣሪያዎቻችንን ያስመጣው ድርጅት ነው። ማን እንደተረጎመው እንጃ፣ ርእሱን «የደህንነት ጥሪ» ብሎታል። እኛ ጣቢያ ጥሪ ከተባለ ወይ እሳት ተነስቷል፣ ወይ ስብሰባ ኑ ተብለናል። እሳት አለመሆኑ ግልጽ ስለነበር ጸሐፊዋ ከአንድ የሠርግ ካርድ ጎን ለጠፈችው።

መርካቶ አጠገብ ባለ የእሳት አደጋ ጣቢያ የመሣሪያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጭስ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚያዝለውን የአየር ሲሊንደርና ፊቱ ላይ የሚያጠልቀውን ማስክ የምፈትሸው እኔ ነኝ። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ሰሌዳው ስር ቆሜ፣ ስብሰባው ምሳ ይኖረው ይሆን ብዬ ደብዳቤውን እስከ ታች አነበብኩት። ስብሰባ የሚባል ነገር የለም፤ ተመልሶ የተጠራው ሰው ሳይሆን ዕቃው ነው። ማስኩ ላይ አየር የሚለቀው ቫልቭ ጉድለት ስለተገኘበት፣ የመለያ ቁጥራቸው ከታች የተዘረዘረው የመተንፈሻ መሣሪያዎች ከአገልግሎት ወጥተው ለአምራቹ ይመለሱ ይላል። ደሜ ፈላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰዎቻችን በዚያ ቫልቭ ሲተነፍሱ ነበር።

መኪናው ላይ ካሉት ስምንት መሣሪያዎች አምስቱ ዝርዝሩ ውስጥ ተገኙ። አውርጄ ስቶር ቆለፍኩባቸው። የፈረቃ ኃላፊው ከላይ ትእዛዝ እስኪመጣ ታገሺ አሉኝ። ደብዳቤውን እጃቸው ላይ አስቀምጬ አልታገስም አልኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ዱባይ ተራ የጫማ መጋዘን እየነደደ ነው ተባለ። ሥራውን ያስተማሩኝ አንጋፋው ባልደረባችን በቀጥታ ወደ ስቶሩ መጡ። የለመዱት መሣሪያ ከአምስቱ አንዱ ነበር።

«ክፈቺ» አሉኝ። «አንድ ቀን ከድቶኝ አያውቅም።»

«አልከፍትም፣ ጋሼ። ባሉት ሦስት መሣሪያዎች ሦስት ሰው ይገባል፤ እርስዎ ከውጭ ይመራሉ።»

«ውስጥ ሰው ቢቀርስ?»

ሰው ቢቀር ተጠያቂዋ እኔ መሆኔን አውቄዋለሁ፤ ቁልፉን ግን አልሰጠሁም። ተቆጥተው ሄዱ። ሦስቱ ልጆች ገብተው ከሦስተኛ ፎቅ ሁለት ሠራተኞች አወጡ፤ ሁሉም በሰላም ተመለሱ።

አንጋፋው ግን አልለቀቁኝም። በነጋታው መሣሪያዬን አምጪና ግቢው ውስጥ ልሞክረው፣ ደህና ከሆነ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ አሉ። ግቢው ጭስ የለበትም፣ አደጋ የለውም ብዬ ሰጠኋቸው። አጥልቀው የልምምድ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። አንደኛው ፎቅ ደህና፣ ሁለተኛውም ደህና። በልቤ የይቅርታውን ቃል ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ሦስተኛው ላይ አየር በኃይል ሲስቡ ቫልቩ አልለቅ አለና ማስኩ ፊታቸው ላይ ተጣበቀ። በሁለት እጃቸው መንጭቀው አወለቁትና ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ።

እኔ ነበርኩ ልክ። ደስታዬን ለመደበቅ እንኳ አልሞከርኩም። እሳቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆይተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ለሌሎቹ ጣቢያዎች ነግረሻል?»

አልነገርኩም። በራሴ ስኮራ ሁለት ቀን አሳልፌያለሁ፤ ሌላ ቦታም በዚህ ቫልቭ የሚተነፍስ ሰው እንዳለ አንዴም አላሰብኩም። አፍሬ ወደ ስልኩ ሮጥኩ። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና፣ ሰው ባነሳ ቁጥር፣ የመለያ ቁጥሮቹን ከላይ ጀምረው ቀስ ብለው ያነቡልኝ ጀመር።